ካምቢዮን መለወጥና ካምቢዮን ማደስ፤ ከረዥም ርቀት እሽቅድድሞች ታሪክ የተወሰደ ጥናት

ስለ አውቶሞቢል እሽቅድድም የተጻፉትን መጻሕፍትና ጋዜጦች የተመለከተ ሰው ሁለት ነገሮችን አዘውትሮ ያገኛል፤ የነጂዎቹን ድፍረትና የሞተሩን ኀይል። ኀይሉን ከሞተር ተቀብሎ ለጎማ የሚያደርሰው ካምቢዮ ግን ስሙ የሚነሣው በተሰበረ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በአንድ መሥመር «በካምቢዮ ብልሽት ምክንያት አቋረጠ» ተብሎ ይታለፋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ አንድ መሥመር ነው። በተለይም ለውድድር በሚያገለግል የስፖርት መኪና ካምቢዮው በታመመ ጊዜ ሙሉውን አውጥቶ በሌላ መለወጥና ከፍቶ የታመመውን ክፍል ማደስ ምን ያህል የተለያዩ ሥራዎች እንደ ሆኑ ለማሳየት እንሞክራለን። ጉዳዩ የጋራዥ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በዓለም ከታወቁት ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ፣ ገንዘብም ሆነ ሠራተኛ ሳይጐድለው፣ ይህን ልዩነት በመርሳቱ ታላቅ ውድድር ሲያጣ ስለ ታየ፣ ነገሩ ለታሪክ ተማሪም ለኢንጂኒየሪንግ ተማሪም የሚጠቅም መስሎናል።

በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስለ ቃላቱም አንድ ነገር እንበል። በአገራችን ጋራዦች የሚነገሩት ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሺኔታ፣ ሞላና ዳዶ የተባሉት ስሞች ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከዚህ በታች የምንተርክለት የመጀመሪያው ካምቢዮ የተሠራው በሞዴና ከተማ ስለ ሆነ፣ የዚያ ከተማ ሠራተኛና የአዲስ አበባ መካኒክ ስለዚሁ ዕቃ ቢነጋገሩ ያለ አስተርጓሚ እስከ ግማሽ መንገድ ይግባባሉ። ስለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር ሳያስፈልገን በእነዚሁ ስሞች እንጠቀማለን።

ሞተር በማናቸውም ፍጥነት እኩል ጉልበት አይሰጥም። በዝግታ ሲዞር ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ከልክ በላይ ሲዞር ደግሞ ይሰበራል። መኪናው ከቆመበት ሲነሣም ሆነ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሮጥ፣ ሞተሩን ጉልበቱ በሚበዛበት ልክ እንዲዞር የሚያደርገው ካምቢዮ ነው። በውስጡ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል፤ ከጥንዶቹ አንዱ ከዘንጉ ጋራ ሲቆለፍ አንድ ማርሽ ገባ እንላለን። ፈረንሳውያኑ ፓናርና ሌቫሶር በ1890ዎቹ መጀመሪያ በሠሯቸው መኪናዎች መዘውሮቹ በዘንጉ ላይ እየተንሸራተቱ ጥርስ ለጥርስ ይጋጠሙ ነበር። ነጂው የሁለቱን ፍጥነት ካላስተካከለ ካምቢዮው ይጮኻል፤ ጥርሱም ይሸረፋል። ይህን ችግር ለማቃለል በ1928 ካዲላክ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ሲንክሮናይዘር የተባለውን መሣሪያ በመኪናዎቹ ላይ አወጣ። ሲንክሮናይዘር ማርሹ ከመቆለፉ በፊት የሁለቱን ክፍሎች ፍጥነት በሰበቃ የሚያስተካክል ቀለበት ነው።

የውድድር መኪና ሠሪዎች ግን ብዙዎቹ ሲንክሮናይዘርን አልወደዱትም። ቀለበቱ ፍጥነት እስኪያስተካክል የሚጠፋው ቅጽበት፣ ክብደቱና በሙቀት የሚደርስበት መበላት አላስደሰታቸውም። በምትኩ ጥቂት ወፋፍራም የመቆለፊያ ጥርሶች ያሉትን ቀለበት መረጡ። ይህ ቀለበት እንደ ሁለት እጆች ጣቶች በቅጽበት ይቆላለፋል፤ ነጂው ብልህ ከሆነ ፈጣንና ጠንካራ ነው። ብልህ ካልሆነ፣ ወይም ከሌሊቱ ግማሽ በኋላ ክንዱ ከዛለ፣ በእያንዳንዱ የተሳሳተ አገባብ የመቆለፊያው ጥርስ ማዕዘን ጥቂት በጥቂት ይከረከማል። ከዚያ በኋላ ማርሹ በገዛ ራሱ እያመለጠ ይወጣል። እንግዲህ በአንድ ዙር 20 ጊዜ ያህል ማርሽ ይለወጣል ብለን ብንገምት፣ በ1966 በለ ማን ያሸነፈው መኪና በ24 ሰዓት 360 ዙር ስለ ዞረ፣ የማርሽ ለውጡ ከ7,000 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። የረዥም ርቀት ውድድር ካምቢዮን ከአጭር ርቀት ይልቅ የሚፈትነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ታሪኩ እንግባ። በ1963 የአሜሪካው ፎርድ ኩባንያ በለ ማን ለማሸነፍ አስቦ የኢጣልያውን ፌራሪ ፋብሪካ ለመግዛት ድርድር ጀመረ። በሜይ ወር ኤንዞ ፌራሪ ድርድሩን አቋረጡ፤ ፎርድም በቁጭት የራሱን መኪና ለመሥራት ቈረጠ። ለዚህም ሎላ የተባለውን የእንግሊዝ ትንሽ ፋብሪካ መሪ፣ ኤሪክ ብሮድሊን፣ አስጠራ። ብሮድሊ በዚያው ዓመት የፎርድን ሞተር ከነጂው በስተኋላ ያስቀመጠች ማርክ 6 የተባለች መኪና ሠርተው ነበር። ካምቢዮዋ በሞዴና የተሠራ የኮሎቲ ሥራ ነው። ይህች መኪና በጁን 1963 በዴቪድ ሆብስና በሪቻርድ አትውድ እጅ በለ ማን ተወዳደረች። ማርሹ አልገባ እያለ ካስቸገረ በኋላ ሆብስ ሲነዷት ከመንገድ ወጥታ ተጋጨች። የአትውድን ስም አንባቢው ያስታውስ፤ ተመልሰን እንመጣበታለን። ማስጠንቀቂያው እንግዲህ ከፎርድ መኪና አስቀድሞ አንድ ዓመት ሙሉ በአደባባይ ቆሞ ነበር።

ቫሌሪዮ ኮሎቲ በፌራሪና በማሴራቲ ፋብሪካዎች ያገለገሉ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ካምቢዮዎቻቸውም ከትንንሽ ሞተሮች ጋራ ድልም ውድቀትም አይተዋል። በ1959 ስተርሊንግ ሞስ የኮሎቲ ካምቢዮ ባለው ኩፐር መኪና የፖርቱጋልንና የኢጣልያን ግራን ፕሪ አሸነፉ። በሞናኮና በዓመቱ መጨረሻ በሲብሪንግ ግን በዚያው ክፍል ብልሽት አቋረጡ፤ በሲብሪንግ ያቋረጡት የዓለም ሻምፒዮንነት ተስፋቸው ገና ሳይጠፋ ነው። ታዲያ ፎርድ ለምን መረጠው? በ1963 ከኋላ ለተቀመጠ ትልቅ ሞተር የሚስማማ ካምቢዮ በገበያ ላይ እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም። ጊዜም አጠረ። መኪናዋ በኤፕሪል 1964 ለሕዝብ ስትታይ ካምቢዮዋ ሲንክሮናይዘር የሌለው፣ አራት ማርሽ ያለው ኮሎቲ ነበር፤ ሞተሯም 4.2 ሊትርና 350 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። ይህች መኪና በኋላ ጂቲ 40 ተብላ ታወቀች፤ 40 የተባለውም ቁመቷ 40 ኢንች ስለ ሆነ ነው።

በጁን 1964 በለ ማን ሦስት ፎርዶች ተሰለፉ። ሪቺ ጊንተር በመጀመሪያው ሰዓት ፌራሪዎቹን ቀድመው መሩ፤ ከማስተን ግሬጎሪ ጋራ የሚነዷት መኪና ግን በ5ኛው ሰዓት በካምቢዮ ወደቀች። የአትውድና የሽሌሰር መኪና ተቃጠለች። ፊል ሂልና ብሩስ ማክላረን የያዟት ሦስተኛይቱ፣ ሂል የቀኑን ፈጣን ዙር በ3 ደቂቃ ከ49.4 ሴኮንድ ካስመዘገቡባት በኋላ፣ በ14ኛው ሰዓት በካምቢዮ ወጣች። በሚቀጥለው ወር በፈረንሳይ አገር በሬምስ በተደረገው የ12 ሰዓት ውድድርም ከፎርዶቹ አንዱም አልጨረሰም። ብዙ ጸሐፊዎች ከዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በሞዴና ላይ ይጭናሉ። እኛ ይህን ፍርድ ሙሉ በሙሉ አንቀበለውም። ያ ካምቢዮ የተሰጠው ሥራ ከዐቅሙ በላይ ነበር፤ ሥራውን የሰጡትም ሰዎች የ1963ቱን የሎላን ውድቀት ዐይተዋል። ፈጣኑን ዙር ያስመዘገበች መኪና በካምቢዮ መውደቋ ራሱ የሚያስረዳው ሞተሩና አካሉ ከካምቢዮው ቀድመው መሄዳቸውን ነው።

በ1964 መጨረሻ ፎርድ የውድድሩን ሥራ ለካሮል ሼልቢ አስረከበ። ሼልቢ በ1959 ከሮይ ሳልቫዶሪ ጋራ በአስተን ማርቲን ዲቢአር 1 መኪና በለ ማን ያሸነፉ ነጂ ነበሩ። በነገራችን ላይ የዚያች መኪና ካምቢዮ በማርሹ አገባብ አስቸጋሪነት ስሙ የተነሣ ነው፤ የሚያስገርመው ደግሞ የአስተን ማርቲን ባለቤት ዴቪድ ብራውን ቤተ ሰባቸው በእንግሊዝ አገር የታወቀ የጥርስ መዘውር ፋብሪካ የነበረው መሆኑ ነው። በፌብሩዋሪ 1965 በዴይቶና ኬን ማይልስና ሎይድ ሩቢ ለጂቲ 40 የመጀመሪያውን ድል አመጡ። በዚያው ዓመት ለትንሹ ሞተር ጀርመን አገር የተሠራው ዜድ ኤፍ፣ አምስት ማርሽና ሲንክሮናይዘር ያለው ካምቢዮ፣ በኮሎቲው ምትክ ገባ። ስለዚህ የፈጣኑ የመቆለፊያ ቀለበት ወገኖች ተሸነፉ፤ ለ24 ሰዓት የሚበጀው የዘገየው ነገር ግን የነጂውን ስሕተት የሚሸከመው ሆኖ ተገኘ።

ሆኖም ፎርድ በዚህ አልረካም። ማርክ 2 በተባለው መኪና ላይ 7 ሊትር ሞተር ለመጫን አሰበ፤ ያን ጉልበት የሚሸከም ካምቢዮ ስላላገኘም ቲ 44 የተባለውን ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ራሱ አሠራ። በውስጡ የገቡት ዋና ዋና ክፍሎች ከከባድ የመንገድ መኪናዎቹ የመጡ፣ ሲንክሮናይዘር ያላቸው ነበሩ። ከባድ ዕቃ ነው፤ ለውድድር የሚያምር ሥራ አይደለም። በጁን 1965 ሁለት ማርክ 2 መኪናዎች በለ ማን ተሰለፉ። ሂል 3 ደቂቃ ከ37.5 ሴኮንድ በሆነ ዙር የቀኑን ፈጣን ጊዜ አስመዘገቡ፤ ነገር ግን የማክላረንና የማይልስ መኪና በ4ኛው ሰዓት በካምቢዮ፣ የሂልና የክሪስ ኤመን መኪና በ7ኛው ሰዓት በፍሪሲዮን ምክንያት ወጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ፈጣኑ ዙር የፎርድ፣ ድሉ የፌራሪ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ነገር ለእኛ እንደ ተማሪዎች እጅግ የሚያስደስት ነው። ፎርድ በዲርቦርን ባለው ላቦራቶሪ ሞተሩንና ካምቢዮውን ከመኪና ውጪ በአንድነት አስሮ፣ የለ ማንን ዙር የሚመስል ትእዛዝ በመሣሪያ እየሰጠ ቀንና ሌሊት አስሮጠው። መሣሪያው ነጂ ሆኖ ማርሽ ይለውጣል፣ ነዳጅ ይሰጣል፣ ይነሣል። አንድ ክፍል በተሰበረ ጊዜ ይፈታል፣ ይመረመራል፣ ይታረማል፣ እንደ ገና ይሮጣል። ቀድሞ በአደባባይ፣ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት የሚደረገው ስብራት አሁን በተዘጋ ቤት ውስጥ ሆነ። በ1966 ስምንት ማርክ 2 መኪናዎች በለ ማን ተነሡ፤ ሦስቱ 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ሆነው ጨረሱ፤ ማክላረንና ኤመንም አሸነፉ።

ታሪኩ ከዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ለትምህርት መጽሐፍ የሚስማማ ይሆን ነበር፤ አልቆመም። በፌብሩዋሪ 1967 በፍሎሪዳ በዴይቶና የ24 ሰዓት ውድድር ሲደረግ ፎርድ ስድስት ማርክ 2 አሰለፈ። ካምቢዮው ያው በላቦራቶሪ ተፈትኖ፣ በለ ማን አሸንፎ የመጣው ቲ 44 ነው። ነገር ግን ገና ሌሊቱ ሳይጋመስ መኪናዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ወደ መጠገኛው መግባት ጀመሩ። ከካምቢዮው ኀይል የሚያወጣው ዘንግ እየተሰበረ ነበር። መካኒኮቹ የተማሩትን ሠሩ፤ የታመመውን ካምቢዮ አውርደው ከመጋዘን አዲስ ካምቢዮ ሰቀሉ። መኪናዋ ጥቂት ዙር ሮጣ በዚያው ዘንግ ስብራት ተመለሰች። አዲሱም ዘንግ ከአሮጌው ጋራ በአንድ ጊዜ የተሠራ፣ በእሳት አዘገጃጀቱም ተመሳሳይ ጉድለት ያለበት ነበርና ነው።

ስለዚህ ጉድለት ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ብረት ወደሚፈለገው ቅርጽ ከተቀረጸ በኋላ በእሳት ይግላል፣ በዘይት ወይም በሌላ ፈሳሽ ይበርዳል፣ ከዚያም ድርቀቱ እንዲለዝብ በልኩ እንደ ገና ይሞቃል። ማረሻ የሚያበጅ ቀጥቃጭ ይህን በዐይኑና በእጁ ያውቀዋል፤ ብረቱ ከልክ በላይ ከደረቀ እንደ ሸክላ ይሰበራል፣ ካልደረቀ ደግሞ ይጠመዘዛል። በፋብሪካ የሚለካው በሙቀት መለኪያና በሰዓት ነው። ጉዳቱ ያለው በዐይን ስለማይታይ ላይ ነው። በልክ የተዘጋጀ ዘንግና ያለ ልክ የተዘጋጀ ዘንግ ሚዛናቸውም መልካቸውም ልካቸውም አንድ ነው። መካኒኩ ሌሊት በመብራት ሥር ይዞ ቢያገላብጠው የሚያገኘው ነገር የለም። ስለዚህ የዴይቶና መካኒኮች አልሰነፉም፤ እንዲያውም በዚያ ሌሊት የሠሩት ሥራ ብዙ ቡድኖች በዓመት የማይሠሩት ነው። ግን የሚለውጡት ዕቃውን እንጂ ጉድለቱን አልነበረም።

በማግሥቱ ሦስት ፌራሪዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው የመጨረሻውን መሥመር ዐለፉ፤ ባንዲኒና ኤመን አንደኞች ሆኑ። ይህ ኤመን ባለፈው ዓመት ለፎርድ ያሸነፉት ሰው ናቸው። ከስድስቱ ፎርዶች እስከ መጨረሻ የደረሰችው የማክላረንና የሉሲያን ቢያንኪ መኪና ብቻ ናት፤ እርስዋም 7ኛ ወጣች። ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ ግን ያው ካምቢዮ፣ ዘንጉ በልክ ተዘጋጅቶለት፣ ማርክ 4 በተባለው አዲስ መኪና ላይ ሆኖ በኤፕሪል በሲብሪንግ፣ በጁን ደግሞ በዳን ገርኒና በኤ ጄ ፎይት እጅ በለ ማን አሸነፈ። የተጓዘውም 5,232 ኪሎ ሜትር ሲሆን አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 218 ኪሎ ሜትር ነው። በዴይቶናና በለ ማን መካከል ያለው ልዩነት በእሳቱ አዘገጃጀት ላይ ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ «በካምቢዮ ብልሽት» የሚለው መሥመር ምን ያህል ነገር እንደሚሸፍን ይታየናል።

አሁን ወደ ማደሱ ሥራ እንመለስ። ከውድድር የተመለሰ ካምቢዮ ያለ ምንም ስሞታ ቢመጣ እንኳ ይከፈታል። መጀመሪያ የሚታየው ዘይቱ ነው፤ በመፍሰሻው ቡሎን ጫፍ ባለው ማግኔት ላይ የተጣበቀው የብረት ብናኝ ብዙ ይናገራል። እንደ ጭቃ ለስላሳ ከሆነ የተለመደ መበላት ነው፤ ስንጥር ከተገኘበት ግን ከአንድ ጥርስ ወይም ከአንድ ኩሺኔታ የተሸረፈ ነገር አለ። ቀጥሎ የመቆለፊያዎቹ ጥርሶች ማዕዘን ይመረመራል፤ ክብ እየሆነ የመጣው ይጣላል። ቀለበቱን ወዲያና ወዲህ የሚገፋው ሹካ በትንሹ ከጎበጠ ማርሹ ሙሉ በሙሉ አይገባም፤ ሙሉ በሙሉ ያልገባ ማርሽ ደግሞ ነጂው የሠራው ስሕተት መስሎ ብዙ ጊዜ በከንቱ ያስወቅሰዋል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ኮሮናና ፒኞን የተባሉትን ሁለቱን ማጋጠም ነው። ጥርሳቸው ቀለም ተቀብቶ ይዞራል፤ የንክኪው ምልክት በጥርሱ መካከል ካላረፈ በስስ ስስ ቀለበቶች እየተለካ ይስተካከላል። ከወረቀት የማይወፍር ቀለበት መጨመርና መቀነስ በ24 ሰዓት ውድድር የአንድን ካምቢዮ ዕድሜ ይወስናል። ይህን ሥራ ቸኩሎ የሠራ ሰው የሠራውን ለማወቅ የሚችለው ከውድድሩ በኋላ ነው።

በዚህ ነገር ማይክ ሂውላንድ የተባሉት እንግሊዛዊ ያደረጉት ብልሃት መጠቀስ ይገባዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቮልስዋገንን ካምቢዮ ሽፋን ወስደው በውስጡ የራሳቸውን የውድድር ማርሾች አስገቡ። ኋላም ለትልልቅ ሞተሮች የሚሆኑትን ሲሠሩ የማርሾቹ ጥንዶች ካምቢዮው ከመኪናው ሳይወርድ፣ የኋላው ክዳን ብቻ ተከፍቶ እንዲለወጡ አደረጉ። ሎላ ቲ 70ና የማክላረን ትልልቅ መኪናዎች በዚህ ተጠቅመዋል። ለማደስ የሚመች አድርጎ መሥራት እንግዲህ ከጥንካሬ ያልተናነሰ ቁም ነገር ነው። በአሜሪካ ደግሞ ቻፓራል የተባለው ቡድን ነጂውን ከፍሪሲዮን ነጻ የሚያወጣ በዘይት ኀይል የሚያስተላልፍ ካምቢዮ ሞክሮ በ1966 በኑርበርግሪንግ የ1,000 ኪሎ ሜትሩን ውድድር አሸነፈ፤ በ1967 በለ ማን ግን እርሱም በዚያው ክፍል ምክንያት አቋረጠ።

ፎርድ በ1967 መጨረሻ ከፋብሪካ ውድድር ከተለየ በኋላ ትንንሾቹ ጂቲ 40ዎች በእንግሊዛዊው ጆን ዋየር ቡድን እጅ ቀሩ። የ1968 ደንብ የፕሮቶታይፕ መኪናዎችን ሞተር በ3 ሊትር ስለ ወሰነ ባለ 7 ሊትሩ ቀረ፤ ከ50 በላይ የተሠሩትን የስፖርት መኪናዎች ግን እስከ 5 ሊትር ስለ ፈቀደ አሮጌው ጂቲ 40 ከነዜድ ኤፍ ካምቢዮው ሊወዳደር ቻለ። ቍጥሩ 1075 የሆነ አንድ መኪና በ1968 በፔድሮ ሮድሪጌዝና በቢያንኪ፣ በ1969 ደግሞ በጃኪ ኢክስና በጃኪ ኦሊቨር እጅ ለ ማንን ሁለት ጊዜ አሸነፈ። በ1969 የቀደመው ፖርሽን በ120 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አሸናፊ ይሆናል የተባለው የአትውድና የቪክ ኤልፎርድ አዲሱ ፖርሽ 917 ነበር፤ በብዙ ዙር እየመራ ሳለ በ21ኛው ሰዓት ፍሪሲዮኑንና የካምቢዮውን ሽፋን የሚያገናኘው ክፍል ተሰንጥቆ ቆመ።

አትውድ በሎላ ጊዜ ከተቀበሉት ትምህርት ጋራ ይህን ደመሩት። ለ1970 ውድድር ፖርሽ ምን ዐይነት መኪና እንደሚፈልጉ ሲጠይቃቸው ትልቁን 4.9 ሊትር ሞተር ትተው 4.5 ሊትሩን፣ ባለ አምስት ማርሹንም ካምቢዮ ትተው ባለ አራቱን መረጡ። የአራት ማርሽ ካምቢዮ መዘውሮቹ ወፋፍራም ሆነው ሊሠሩ ይችላሉ፤ የማርሽ ለውጡም ቍጥር ያንሳል። ከሃንስ ኸርማን ጋራ ሆነው በዝናብ ሲነዱ ፈጣኖቹ አንድ ባንድ ወደቁ፤ ፖርሽም የለ ማንን ጠቅላላ ድል ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ካምቢዮን አስቀድመው መኪናን ኋላ ያስከተሉ ነጂ ቢኖሩ እኚህ ሰው ይመስሉናል።

በጃንዋሪ 1971 በዴይቶና የሆነው ከ1967ቱ ጋራ መነጻጸር ይገባዋል። ሮድሪጌዝና ኦሊቨር የዋየርን ቡድን ፖርሽ 917 እየነዱ በብዙ ዙር ይመሩ ነበር። ጥቂት ሰዓቶች ሲቀሩ ካምቢዮው ተጣብቆ ማርሽ አልለውጥ አለ። የውድድሩ ደንብ ሙሉ ካምቢዮ መለወጥን ይከለክል ስለ ነበረ፣ መካኒኮቹ ያላቸው ምርጫ መክፈት ብቻ ነበር። ዘይቱና ብረቱ የሌሊቱን ሙቀት እንደ ያዘ ካምቢዮውን በቦታው ከፍተው የተጎዱትን መዘውሮች አውጥተው አዲሶቹን አስገቡ። ይህ ሥራ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ። ያ ሁሉ ብልጫ ዐለቀ፤ የሮኒ ባክነምና የቶኒ አዳሞዊች ፌራሪ ቀደማቸው። ፖርሹ ግን ሙሉ ጤና ኖሮት ወጣ፤ የቀደመውንም ደርሶበት 688 ዙር በመዞር በአንድ ዙር ብልጫ አሸነፈ። ደንቡ መለወጥን ቢፈቅድ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር መገመት ከታሪክ ጸሐፊ ሥራ ውጪ ነው። የሆነ ሆኖ በ1967 በመጋዘን ሙሉ ካምቢዮ የነበረው ቡድን ተሸንፎ፣ በ1971 ካምቢዮ መለወጥ የተከለከለው ቡድን አሸንፏል።

ከዚህ ተነሥተን መለወጥ ሁልጊዜ ደካማ መድኀኒት ነው ብንል ደግሞ በ2000 ዓመት በለ ማን የሆነው ይቃወመናል። በዚያ ዓመት አውዲ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ አር 8 የተባለውን መኪና ሲሠራ ካምቢዮውና የኋላው የጎማ ተሸካሚ በአንድነት፣ እንደ አንድ ዕቃ፣ ከመኪናው እንዲለዩ አስቦ ነበር። ማርሹንም ነጂው በመሪው ላይ ባለ ማንሻ በጣቱ ይለውጣል። መካኒኮቹ ይህን ሥራ በአገራቸው ደጋግመው ተለማምደውት ስለ ነበረ፣ በውድድሩ መካከል ሙሉውን የኋላ ክፍል ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ለወጡ። የተሰቀሉትም ካምቢዮዎች የወረዱት የነበረባቸው ጉድለት አልነበረባቸውም። ሦስቱ አውዲዎች 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ወጡ፤ ቢየላ፣ ክሪስተንሰንና ፒሮ የነዱት አንደኛው 368 ዙር ዞረ።